የሲሪሎ ሪዝ እና ባለ ሃምሳ ኢንቹ

አፒሳኮ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ ቴሌቪዥን ሲበላሽ የሚጠራው ሰው ሲሪሎ ኮዮትል ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ዛሬ ዛሬ ቴሌቪዥን አይበላሽም፤ አንደኛውን ይሞታል። ሬሳውን የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሐዘን እንኳን ሳይቀመጥ ሱቅ ሄዶ ከሟቹ የሰፋ ይዞ ይመለሳል። ሲሪሎ ለዚህ ሁሉ ተጠያቂ የሚያደርገው ፍላት ስክሪንን ነው።

«ጀርባ የሌለው ነገር አላምንም» ይላል፣ ሰው ጠየቀውም አልጠየቀውም። «ቴሌቪዥን ማለት ከኋላው ተከፍቶ፣ አንጀቱ ታይቶ፣ የታመመው ተነቅሎ ሌላ የሚተካለት ነው። ይሄ ምንድን ነው? ትሪ ነው። ትሪ ደግሞ አይጠገንም።»

ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው። ሠላሳ አምስቱን ዓመት ያሳለፈው በመበየጃና በእርሳስ ጭስ መሃል ነው። ድሮ በር ድረስ ቴሌቪዥን ይደረደርባት የነበረችው የፊት ክፍሉ አሁን የምታስተናግደው የጁስ መፍጫ፣ የልብስ ካውያና አልፎ አልፎ የቄሱን ሬዲዮ ነው። የሥራ ልማዱን ግን አልተወም። ደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት ማጉያ መነጽር አለች። ማንኛውንም ዕቃ ሲያይ የዕቃውን ቁጥር በእሷ አንብቦ ግራ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ወረቀት ይጠፋል፣ እጅ ግን የትም አይሄድም ባይ ነው። በዚህ የተነሣ ስንት የትራስ ልብስ በቀለም እንደተበላሸባት ሚስቱ ኦብዱሊያ ብትጠየቅ ቆጥራ አትጨርስም።

የራሱ ቴሌቪዥን በእንጨት ሣጥን የተገጠመ፣ ሁለት ጎረምሶች ካልተጋገዙ የማይነሳ፣ በተጋቡ ዓመት የተገዛ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቶታል። የድሮው ሥርጭት ተቋርጦ ሰው ሁሉ አሮጌውን አውጥቶ ሲጥል እሱ አንዲት መቀየሪያ ገጥሞለት ዕድሜውን አስቀጥሎታል። የሚበራበት የራሱ ሥርዓት አለው። ቁልፉ ይጫናል፣ እስኪሞቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ግራ ጎኑ በመዳፍ ሦስት ጊዜ ይመታል። ኦብዱሊያ ምቱን ከባሏ ይበልጥ ታውቅበታለች። በሁለት ምት ድምፁ አይወጣም፣ በአራት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል ትላለች።

ሲሪሎ ራሱ ቴሌቪዥን አያይም። ቀኑን ሙሉ የዕቃ አንጀት ሲያይ የዋለ ሰው ማታ ፊቱን ማየት አያምረውም። ከሥራ ክፍሉ ሆኖ ብቻ «ሥዕሉ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

«ጥሩ ነው» ትለዋለች ኦብዱሊያ።

ይህን ካለችው በኋላ ቀስ ብላ ሻርፗን ትለብስና ለመቁጠሪያ ጸሎት ጎረቤቷ ፕራክሴዲስ ቤት ትሄዳለች። ጸሎቱ ተከታታይ ድራማው በሚጀምርበት ሰዓት ተጀምሮ ድራማው ሲያልቅ ያልቃል። ሲሪሎ ይህን ጉዳይ አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም።

አሁን ወደ ሪዙ እንምጣ። ሲሪሎ ሪዙን ማሳደግ የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ላይኛው ከንፈሩን ያየ ፍጡር የለም፣ ሚስቱም ብትሆን። ሪዝ ሲባል ደግሞ እንደ ሰው ሪዝ እንዳይመስላችሁ፤ ሾርባ ሲጠጣ ግማሹን የሚጠጣው ሪዙ ነው። ይህን ሪዝ ነው እንግዲህ አንድ ቀን በገዛ አፉ አደጋ ላይ የጣለው። የዳቦ ጋጋሪው የማካሪዮ ልጅ ክርስትና የተነሣች ዕለት ሲሪሎ የክርስትና አባቷ ነበር፣ ፑልኬ የሚሉት መጠጥም ጥሩ ነበር። ማካሪዮ ያን ሰሞን የገዛውን ፍላት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የእንግዳውን ሁሉ እጅ እየያዘ ያሳያል። ሲሪሎ አንጀቱ እርር ብሎ ብድግ አለና ስልሳ ሰው ፊት ብርጭቆውን አነሣ።

«እንዲህ ያለ ትሪ እኔ ቤት የገባ ዕለት» አለ፣ «ይህን ሪዝ እላጨዋለሁ። እናንተም ቆማችሁ ታዩታላችሁ።»

ማካሪዮ በማግስቱ አንድ ምላጭ ገዝቶ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ባለው ምስማር ላይ አንጠለጠለው። ሲሪሎ ዳቦ በገዛ ቁጥር ምላጩን ያየዋል፣ ምላጩም እሱን።

ኅዳር ገብቶ ቡዌን ፊን የሚሉት የገበያ ሰሞን ሲደርስ አገሩ በቅናሽ ያብዳል። ከዓርብ እስከ ሰኞ ድረስ ሰው ቤቱ አይገኝም። ጠላት ይመስል ከሱቅ ሱቅ ሲባረር ይሰነብትና ማክሰኞ ጠዋት የማያስፈልገውን ዕቃ ታቅፎ ይነቃል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ቴሌቪዥን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሲሪሎን ይዞ የመሄድ ልማድ አለ። ሰው ሐኪም ይዞ ወደ ቀብር ቤት ቢሄድ እንደማለት ነው። ሲሪሎ ግን ይወደዋል። ክፍያው አንድ ቶርታ ሳንድዊች ነው፤ ደስታው ደግሞ በሱቁ ባለቤቶች ጆሮ ሥር ዕቃቸውን ማማት ነው።

የዚያን ዓርብ ጠዋት ተረኛው ማካሪዮ ነበር። ክርስትና ላይ የታየው ፍላት ሞቶበታል። ሲሪሎ ይህን ሲሰማ ሐዘኑን ለመግለጽ ብዙ ደከመ፣ ግን ሪዙ ሥር ፈገግታው አላስቻለውም። ኦብዱሊያ ለቅድስት ሲሲሊያ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብላ ማልዳ ወጥታለች። ስለዚህ ሁለቱ አበልጆች በባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው ትልቅ መደብር አቀኑ።

«ይሄስ ማኤስትሮ?» አለ ማካሪዮ፤ ሰፈሩ ባለሙያውን የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚያስል ሰው ነው የሚመስለው።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ጥሩ ነው። ዋስትናው እስኪያልቅ።»

«እርስዎን ሰምቶ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው አይገኝም።»

«እኔን ሳትሰሙ ገዝታችሁ አይደል ያለቃችሁት?»

ሦስተኛው መተላለፊያ ላይ ባለ ሃምሳ ኢንቾቹ እንደ ጡብ ተከምረዋል። ሲሪሎ እንደ ልማዱ ማጉያውን አውጥቶ የዋጋ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። የዕቃውን ቁጥር መዳፉ ላይ ጻፈ። ከዚያ ዋጋውን አየ። ማጉያውን በሸሚዙ ጠርጎ ደግሞ አየ።

«ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ ፔሶ» አለ።

«ዘጠኝ ሺህ ማለትዎ ነው።»

«ማንበብ እችላለሁ፣ አበልጄ።»

ማካሪዮ አነበበ። አንድ ዜሮ ጎድሏል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የተለጠፈ ዋጋ ዋጋ ነው፤ ተሳስቶ የለጠፈ ተሳስቶ ይሸጣል። ችግሩ ሱቁ በፈቃዱ አለመሸጡ ነው። ስለዚህ ሰው ዕቃውን ታቅፎ፣ የሸማቾች ቢሮ ሰው መጥቶ እስኪፈርድ ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። በየዓመቱ የሆነ ከተማ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ይፈጠርና ዜና ላይ ይወጣል። አፒሳኮ ግን ደርሷት አያውቅም ነበር።

ሲሪሎ ማጉያውን ኪሱ ከተተ። እንጀራውን የነጠቀው መደብር ይኸው በገዛ ወረቀቱ ተይዟል። ስለ ቴሌቪዥኑ አላሰበም፣ ስለ ሪዙም አላሰበም። ለሽልማት ስሙ እንደተጠራ ሰው ደረቱን ነፍቶ ዞረ።

«ሳጥን ያዙ» አለ፣ መተላለፊያው ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ። «አንድ ቤት አንድ ሳጥን። ያዙና ቁጭ በሉበት። የተነሣ አጣ።»

ማካሪዮ ስልኩን አወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ሰፈር መደብሩ ውስጥ ነበር፤ ሊጡን ትቶ የመጣ አለ፣ ፀጉሯን ቀለም እንደተቀባች የመጣች አለች። ሥራ አስኪያጁ ኦስዋልዶ ሁለት ዘበኞች አስከትሎ ሲደርስ ሃያ ሦስት ሰው ሃያ ሦስት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ኦስዋልዶ ሰዉን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ይህ የቴሌቪዥኑ ዋጋ አይደለም» አለ። «ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት የብረቱ ዋጋ ነው። ልጆቹ ቦታ ተሳስተው ነው የለጠፉት።» ይህን እያለ ወረቀቱን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ወረቀቱን መልስ» አለ ሲሪሎ።

«የምን ወረቀት?» አለ ኦስዋልዶ።

ለሸማቾች ቢሮ ተደወለ። እንመጣለን አሉ፤ ግን ያን ቀን ከሁሉም ሱቅ ስለሚደወልላቸው ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። እስከዚያ ድረስ ሰዉ ሳጥኑ ላይ ሆኖ የበቆሎ ታማሌውን በላ፣ ሐሜቱን አማ፣ አንዲት አሮጊት ሳጥናቸው ላይ ጋደም ብለው አንኮራፉ። ሲሪሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በተቀማጮቹ ፊት ይመላለሳል። ከቄሱ ሬዲዮ ወዲህ ሰው እንዲህ ፈልጎት አያውቅም። «አይዟችሁ» ይላል። «ጀርባችሁን አቅኑ። ሽንት ቤት የሚሄድ ለጎረቤቱ አደራ ይበል።»

እንዲህ እያለ መጨረሻው ላይ ደረሰ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳጥኖች ላይ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፕራክሴዲስ ናት። ሁለተኛዋ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሚስትን ጀርባ ግን ሻርፕ አይደብቀውም።

«ኦብዱሊያ» አለ።

«አቤት።»

«ጸሎት ላይ ነሽ ብዬ።»

«እየጸለይኩ ነው» አለች። «ሰውየው ወረቀቱን እንዲመልስ።»

ሲሪሎ ጎንበስ ብሎ ከሻርፑ ሥር አያት። «ማን ጠራሽ? ስልክ እንኳን አልያዝሽም።»

«ማንም አልጠራኝም። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ቴሌቪዥን ልታይ ነዋ» አለች ፕራክሴዲስ በእሷ ፈንታ። «በየዓመቱ ነው የምንመጣው ማኤስትሮ። አይታ አይታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዘንድሮ እርስዎ ተቀመጡ ሲሉ ሰምታ ተቀመጠች።»

«ተነሺ ኦብዱሊያ።»

«የተነሣ አጣ ብለሃል። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል።»

ከኋላ ማካሪዮ ሳቁን መግታት አቅቶት ሳጥኑን በተረከዙ ይደበድባል። «አበልጄ» አለ፣ «አይጨነቁ፤ ምላጩን ሠራተኛዋ ከዳቦ ቤት ታመጣዋለች።»

ሃያ ሁለቱ ሰው በአንድ አፍ ሳቀ። ያንን መሐላ ከስልሳው ሰው ውስጥ የረሳው የለም። ሲሪሎ ሪዙን ዳሰሰ። እንዲህ ባለው ሰዓት ነው የሸማቾች ቢሮዋ ወይዘሪት የደረሰችው፣ ሰደርያዋን ለብሳ፣ መዝገቧን አቅፋ፣ ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ዓይኗ ቀልቶ።

ኦስዋልዶ ስለ ብረቱ ተናገረ። ሰዉ በአንድ ላይ ጮኸ። ወይዘሪቷ እጇን አነሣችና ፀጥታ ጠየቀች።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «ወረቀቱ ላይ የዕቃው ቁጥር አለ። ቁጥሩ የቴሌቪዥኑ ከሆነ በተለጠፈው ዋጋ ይሸጣል። የብረቱ ከሆነ ሁላችሁም ትነሣላችሁ። ወረቀቱ የታለ?»

«ጠፋ» አለ ኦስዋልዶ።

«ቁጥሩን ያነበበ ሰው አለ?»

ቁጥሩ የጉንዳን ዓይን ያክላል፤ በባዶ ዓይን የሚያነበው የለም። ሃያ ሦስት ራስ አንድ ላይ ዞሮ ሲሪሎን አየው።

ሲሪሎ ግራ እጁን ጨብጧል። ጭብጡ ውስጥ ላብ አለ። ይታወቀዋል፣ የእስክሪብቶው ቀለም ርካሽ ነው፤ እንዲሁ ጨብጦ ትንሽ ቢቆይ ቁጥሩ በራሱ ይጠፋል። መዋሸትም አይጠበቅበት። ላብ አጠፋው ቢል እውነቱን ነው። ሰዉ ያዝንና ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ትሪው በሩን ሳያልፍ ይቀራል፣ ሪዙም ቦታው ላይ ይቆያል። ጣቶቹን ይበልጥ አጠበቃቸው።

«ሲሪሎ» አለች ኦብዱሊያ ከሩቅ። መነሣት አትችልም፣ ከተነሣች ታጣለች፤ ስለዚህ በሰዉ ራስ ላይ ነው የምታወራው። «ፊታቸው አረንጓዴ ነው።»

«የማን ፊት?»

«የሁሉም። በእኛ ቴሌቪዥን የድራማዋ ሙሽራም፣ የቄሱም፣ የፈረሱም። ሦስት ዓመት ሆነው።»

«ጥሩ ነው ትዪኝ አልነበር?»

«እልህ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እከፍተው ነበርኮ።»

ኦብዱሊያ ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች። «ያንን ፈርቼ ነው» አለች። «ብትከፍተው እና ባይሆንልህስ? ሲያቅትህ ማየት አልፈለግኩም። አረንጓዴውን ብለምደው ይሻላል ብዬ።»

ማካሪዮ መሳቁን ተወ። ሲሪሎ አፈረ፤ ግን ያፈረው ሰዉ ፊት ስለሆነ አልነበረም። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ቴሌቪዥን ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ሚስቱ ማዶ ክፍል አረንጓዴ ሙሽራ እያየች ሦስት ዓመት ጥሩ ነው ስትለው ኖራለች። በሆዱ ወደዳት፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደደባት፣ የትኛው እንደሚበልጥ ግን መለየት አልቻለም።

ወደ ወይዘሪቷ ሄደና እጁን ዘረጋላት።

ቀለሙ ዳር ዳሩ ሟሙቷል፣ ግን ይነበባል። ወይዘሪቷ መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ የእሱኑ ማጉያ ተቀብላ፣ ፊደል በፊደል አነበበች። ከዚያ ማካሪዮ የተቀመጠበትን ሳጥን ጎን አየች። ደግማ መዳፉን አየች፤ አንድ ነው።

«ሥራ አስኪያጅ» አለች ቀና ሳትል፣ «እስኪ ኪስዎን ይፈትሹልኝ። አንዳንዴ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይጠፋል።»

ኦስዋልዶ ኪሱን ፈተሸ። ወረቀቱ ተገኘ። እሱም የተገረመ ለመምሰል ሞከረ።

ኦብዱሊያ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኙን ፔሶ ከራሷ ቦርሳ ከፈለች። ሳጥኑን ሲሪሎና ማካሪዮ ተሸክመው በሐዲዱ በኩል ወደ ቤት ወሰዱት። ሲሪሎ መሃል መንገድ ላይ «ክብደት እንኳን የለው» አለ።

ቤት ውስጥ ሶኬቱ ያለው አሮጌው ሳጥን ጋ ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አሮጌው ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ጊዜ የተከፈተው ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ሲሪሎ አየውና ቢያንስ አልተጣለም ብሎ ተጽናና።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። ማካሪዮ ነጭ ሽርጡን ለብሶ፣ ምላጩን ይዞ፣ ሳሙናውን አረፋ አደረገ። የአርባ አራት ዓመቱ ሪዝ ዳቦ የሚጋገርበት ወረቀት ላይ ረገፈ። ሲሪሎ ፊቱን ታጥቦ ቀና ሲል ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ፕራክሴዲስ አማተበች። ኦብዱሊያ ደግሞ ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ሽርጧን አስተካከለች፣ እጇንም ከፊት አጣምራ ቆመች። ሰፈሩን በሙሉ ለሰባ ዓመት ያንቀጠቀጡት፣ ለምራታቸው አንድ ቀን ቁጭ በይ ብለው የማያውቁት ሟች አማቷ ዶኛ ቶማሳ፣ የሲሪሎን ሸሚዝ ለብሰው ፊቷ ቆመዋል።

«አሁን ገባችሁ ለምን እንዳሳደግኩት?» አለ ሲሪሎ።

ኦብዱሊያ ለመቀመጥ ጊዜ ፈጀባት።

ያ ሳምንት ለሲሪሎ የሥራ ሳምንት ሆነ። የቀሩት ሃያ ሁለቱም ቤት ቴሌቪዥኑን የሚገጥምለት ፈለገ፣ ሃያ ሁለቱም እሱን ጠራ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። አንዱ ቤት ገመዱን ይዘረጋል፣ ሌላው ቤት ብረቱን ግድግዳ ላይ ያስራል፣ በየቤቱም እየዞረ የሰቀለውን ዕቃ ያማል። የተከፈለው በዳቦ፣ በዶሮ፣ በአንድ ጣሳ ፑልኬ ነው። አንዳንዶቹ አዛውንቶች በር ሲከፍቱለት ደንገጥ ይሉና ሰላምታቸውን በእማማ ይጀምሩታል።

ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ድራማው ሊጀምር ነበር። ኦብዱሊያ የዚያን ማታ ለመቁጠሪያ ጸሎት የትም አልሄደችም። ሲሪሎ እንደ ልማዱ ወደ ሥራ ክፍሉ አቀና፣ መሃል ላይ ግን ሐሳቡን ለወጠና መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሪሞቱን ተጫነች። ሙሽራዋ ብቅ አለች፣ ጉንጯ ቀይ፣ ቀሚሷ ነጭ።

«ሥዕሉ እንዴት ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው» አለች። ቀስ ብላ ዞር ብላ አየችው። «አሁን የምሬን ነው።»

ከዚያ ተነሥታ ሄደችና አዲሱን ቴሌቪዥን ግራ ጎኑን በመዳፏ ሦስት ጊዜ መታችው።

«ምን አደረገሽ?» አለ ሲሪሎ።

«ምንም» አለች፣ ተመልሳ እየተቀመጠች። «ቤቱን እንዲለምድ ነው።»